ደጁ የማይዘጋው ሹም

የሐዋርያት ሥራ 22ን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጳውሎስ ሊገረፍ በጠፍር ታስሮ ሳለ አጠገቡ የቆመውን የመቶ አለቃ፣ ሮማዊን ሰው ሳይፈረድበት መግረፍ ይገባ እንደሆነ ጠየቀው። በዚህች አጭር ጥያቄ ገራፊዎቹ ተዉት፤ ሻለቃውም ፈራ። የጦር አለቃ የታሰረ ሰው ለምን ይፈራል? መልሱን ለማግኘት ሮም ገና ቄሣር ወዳልነበራት ዘመን እንመለስ።

ሮማውያን ራሳቸው እንደሚተርኩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 የመጨረሻ ንጉሣቸውን አባረሩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው።) ዳግመኛ አንድ ሰው እንዳይነግሥባቸው በየዓመቱ ሁለት ቆንስሎችን ይመርጡ ጀመር። ዛሬ ቆንስል ሲባል ፓስፖርትና ቪዛ ትዝ ይለናል፤ የሮም ቆንስል ግን ጦር የሚያዘምት ሹም ነበር። አንዱ ያዘዘውን ሌላው ሊያግደው ይችላል፤ ዓመቱ ሲሞላም ሁለቱም ይወርዳሉ። 300 ያህል አባላት የነበሩት ሴኔት ደግሞ በወጉ መካሪ እንጂ ሕግ አውጪ አልነበረም፤ ምክሩን ንቆ ማለፍ ግን ለማንም አይቀልም።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል፤ አሰጣጡን ግን ልብ በሉ። ቆንስሎችን የሚመርጠው ጉባኤ በ193 ቡድኖች የተከፈለ ነበር። የቡድኑ ስም "መቶ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የመቶ አለቃ የምንለውም ሹም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። አንድ ቡድን አንድ ድምፅ አለው። ክፍፍሉ በሀብት ስለነበር፣ በቀድሞው አሠራር ፈረሰኞቹና የአንደኛው መደብ ባለጠጎች ብቻቸውን 98 ቡድን ይዘዋል። ምንም ንብረት የሌላቸው ሁሉ፣ ብዛታቸው የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ በአንድ ቡድን ይታጨቃሉ። ባለጠጎቹ ከተስማሙ ምርጫው እዚያው ያበቃል፤ ድሃው ተራውን ሲጠብቅ ውሎ ድምፁን ሳይሰጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሴቶችና ባሮችማ ከመጀመሪያውም የሉበትም። ይህን የሕዝብ አገዛዝ ብዬ ለመጥራት አፌ አይደፍርም።

ድሆቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ494 ዕዳ ያጎበጣቸው ተራ ዜጎች፣ ፕሌቢያን የሚባሉት፣ ከተማዋን ጥለው ወደ አንድ ኮረብታ ወጡ ይባላል። ያለ እነርሱ ደግሞ የሚዘምት ጦር የለም። መኳንንቱ ለመደራደር ተገደዱ፤ ፕሌቢያንም ትሪቡን የሚባሉ የራሳቸውን ተጠሪዎች አገኙ። ቁጥራቸው ኋላ 10 ደረሰ።

ከሮም ሹማምንት ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። ትሪቡን ሠራዊት የለውም። የቤቱ ደጅ ግን የተበደለ ሁሉ እንዲገባ ሌሊትም ቀንም ክፍት መሆን ነበረበት። ሹም ዜጋን ሲያንገላታ መካከል ገብቶ ይቆማል፤ ክፉ ነው ያለውንም ትእዛዝ "ቬቶ" ብሎ ያስቆማል፤ "እከለክላለሁ" ማለት ነው። በእርሱ ላይ እጁን ያነሣ ሰው ደሙ በራሱ ላይ እንዲሆን ፕሌቢያን ምለው ነበር። ከዚህም ጋር ዜጋ ከሹም በትር ወደ ሕዝቡ ይግባኝ ማለት ይችል ነበር፤ በኋላ የወጡት የፖርክያ ሕጎችም ዜጋን መግረፍን ይበልጥ አጥብቀው ከለከሉ። ሻለቃውን ያስፈራው ከዚያ ዘመን የተረፈ መብት ነው።

በ133 ጢባርዮስ ግራኩስ (የሉቃስ ወንጌሉ ቄሣር አይደለም) ትሪቡን ሆኖ፣ ባለጠጎች የያዙት የመንግሥት መሬት ለድሆች እንዲከፋፈል ሕግ አቀረበ። ከልክ ያለው ሌላ ባለጠጋ እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ባልደረባው ትሪቡን ማርቆስ ኦክታቪዮስ ነው። ለድሃ የተሠራው ጋሻ ለባለጠጋ ዋለ። ጢባርዮስም ሕዝቡን በድምፅ አስወስኖ ኦክታቪዮስን ከሹመቱ ሻረው፤ ይህ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ለማን እንደምፈርድ እቸገራለሁ። ሕጉ ጸደቀ። እርሱ ግን ለሁለተኛ ዓመት ለመመረጥ ሲሞክር ሴናተሮችና ተከታዮቻቸው በዱላና በተሰበረ አግዳሚ ወንበር ቀጥቅጠው ገደሉት። ፕሉታርክ ከ300 በላይ ሰዎች አብረውት እንደሞቱና ሬሳቸው ቲበር ወንዝ እንደተጣለ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሮማውያን እርስ በርስ ተላለቁ። በመጨረሻም አውግስጦስ በ23 የትሪቡንን ሥልጣን ለዕድሜ ልኩ ለራሱ ወሰደ። ይግባኙም ከሕዝቡ ወደ ቄሣር ዞረ። ጳውሎስ በፊስጦስ ፊት ወደ ቄሣር ይግባኝ ባለ ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበረው ኔሮን ነበር።