የዚምባብዌ ግንብና የጠባቂው አካፋ

በዛሬይቱ ዚምባብዌ፣ ማስቪንጎ ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ 80 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የግራናይት ኮረብታ አለ። በአናቱ ላይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የቆመ ግንብ ይታያል። ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ ዙሪያው 250 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ 11 ሜትር የሚደርስ ሌላ ታላቅ ቅጥር አለ። ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን የሠሩት የዛሬዎቹ ሾናዎች ቅድመ አያቶች ናቸው። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር በቃን፤ ለማስረገጥ ግን መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በ1871 ጀርመናዊው ካርል ማውክ ከፍርስራሹ ደርሶ ከበሩ ጉበን እንጨት ፈለጠ። የእንጨቱ ቀለምና ሽታ የእርሳሱን ስለመሰለው፣ እንጨቱ የሊባኖስ ዝግባ፣ ቤቱም የንግሥተ ሳባ ነው ሲል ፈረደ። በንግሥቲቱ ታሪክ ያደግን እኛ፣ ስሟ የጥቁርን ሥራ ከጥቁር ለመንፈግ መጠራቱን ስንሰማ መገረማችን አይቀርም። ግምቱ ለቅኝ ገዢዎች ተስማማ፤ ግንቡን ያቆሙት ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው ከተባለ፣ የሮድስ ኩባንያ ወራሽ እንጂ ቀማኛ አይባልምና።

በ1902 ፍርስራሹን እንዲጠብቅ የተሾመው ሪቻርድ ሆል ነበር። እርሱ ግን በቅጥሮቹ ውስጥ የተከማቸውን አፈር የአፍሪካውያን ጉድፍ ብቻ አድርጎ ቆጠረው፤ ከሥሩ የ«ጥንቶቹን» ሥራ አገኛለሁ ብሎ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሆን አፈር አስጠርጎ አስጣለ። የጭቃ ቤቶቹ ወለል፣ ገሉ፣ ምድጃው አብሮ ሄደ። ማን መቼ እንደኖረ የሚመሰክረው ግን የእነዚህ ዕቃዎች አነባበር ነበር፤ ከተደበላለቀ አፈር የተገኘ ገል ዘመኑን አይናገርም። ሆል በ1904 ተሻረ፤ አፈሩ ግን አልተመለሰም።

በ1905 ራንዳል ማካይቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ካተን ቶምሰን፣ አካፋ ያልነካውን ቦታ እየፈለጉ ቆፈሩ። ያገኙት ሸክላ የአካባቢው ሰዎች ሸክላ ነበር፤ አብሮት የተገኘው የባዕድ ዕቃም በንግድ የመጣ እንጂ ግንበኞቹን የሚያመለክት አልነበረም። ጉዳዩ በዚህ ማብቃት ሲገባው፣ በ1965 በነጮች ብቻ ነጻነቱን ያወጀው የሮዴዢያ መንግሥት እውነቱ በግልጽ እንዳይነገር ተጫነ። የሐውልቶች ተቆጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ በ1970 አገሩን ለቅቆ ወጣ። ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ነው።

አገሪቱ በ1980 ነጻ ስትወጣ በዚሁ ግንብ ስም ተጠራች፤ ስፍራው በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የዛሬው ጥበቃ አድካሚ ነው። ማያያዣ የሌለው ግንብ ዝናብ ሲሰርገው፣ የዛፍ ሥር ሲገፋው ያብጣል፣ ይናዳል። የተናደውን ድንጋይ በቀድሞ ፎቶግራፎች እየተመሩ ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ሳይመዘገብ የተጠገነው ቦታ ግን የትኛው የጥንት፣ የትኛው የጠጋኙ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።