ሙስተምሊ፦ ከማይክራፎን በፊት የሸይኹን ድምፅ ያደርስ የነበረው ሰው



በመድረሳችን ገሚሱ ደረሳ ሸይኹ ፊት ምንጣፍ ላይ፣ ገሚሱ ደግሞ ቤቱ ሆኖ በስልክ መቅራት ከጀመረ ወዲህ «የትኛውን ካሜራ እንግዛ?» የሚለን በዝቷል። ከካሜራው በፊት አንዴ ወደ ጥንቷ ባግዳድ እንውሰዳችሁ።

በዐባሲዮች ዘመን የሐዲስ መጅሊስ አንዳንዴ ከመስጂድ ይተርፍ ነበር። የሸይኽ ድምፅ ደግሞ የሰው ድምፅ ነው፤ ከጥቂት ሰልፍ አያልፍም። ስለዚህ ሙስተምሊ የሚባል ሰው ይቆማል። ሥራው ሸይኹ ያሉትን ሰምቶ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ጮክ ብሎ ለኋላው መድገም ነው።

በ463 ሂጅሪያ ያረፉት ኸጢብ አል-ባግዳዲ በባግዳድ ታሪካቸው የዓሲም ኢብን ዐሊይን መጅሊስ ዘግበዋል። ደርሱ በሩሷፋ መስጂድ ግቢ ነበር፤ ሙስተምሊው ሃሩን የተጣመመች የተምር ዛፍ ላይ ወጥቶ ያስተላልፋል። አንድ ቀን ሸይኹ የነገራቸውን ሰው ስም ብቻ ጠርተው ሰዉ አልሰማንም ቢል 14 ጊዜ ደገሙት። ኸሊፋው ሙዕተሲም ሰው ልኮ ጀመዓውን ቢያስገምት ከ100,000 በላይ ነው ተባለ። (ግምት መሆኑን አትርሱ።) አቡ ሙስሊም አል-ከጂ ባግዳድ መጥተው ሲያስተምሩ ደግሞ ሰባት ሙስተምሊዎች ተደርድረው አንዱ ለቀጣዩ ያቀብል ነበር። ሰዉ የቀለም ብልቃጥ በእጁ ይዞ ቆሞ ይጽፋል። በኋላ ሜዳው ተለክቶ ብልቃጥ የያዘው ብቻ ሲሰላ ከ40,000 አለፈ።

ግን ሙስተምሊው ካልነቃ ጉድ ነው። የዚድ ኢብን ሃሩን አንዴ «ዒደህ» ነገሩኝ አሉ፤ በዐረብኛ «በርካታ ሰዎች» ማለታቸው ነው። ሙስተምሊያቸው የሰው ስም መስሎት «ዒደህ የማን ልጅ?» ብሎ ጮኸ። ሸይኹ ምነው ባጣሁህ ብለው መለሱለት፤ እኛም ብንሆን ከዚህ የተሻለ መልስ አይመጣልንም።

ዋናው ነገር ዑለማዎቹ የተከራከሩበት ነው። ከሙስተምሊ የሰማ ሰው «ከሸይኹ ሰማሁ» ማለት ይችላል? እንደ አቡ ኑዐይም ያሉት ከሸይኹ አፍ ያልያዙትን ቃል ካደረሳቸው ጓደኛ ስም ጋር ካልሆነ አይናገሩም ነበር። የፈቀዱት ደግሞ ሸይኹ ራሳቸው ሙስተምሊው የሚለውን መስማት አለባቸው አሉ፤ ከተሳሳተ ያርሙታላ! ድምፁ መሄዱ ብቻ አልበቃቸውም፣ ተመልሶ ሸይኹ ጆሮ መድረስ ነበረበት።

የእኛም ችግር እዚሁ ላይ ነበር። መጀመሪያ ላፕቶፑን መሐል ላይ አስቀመጥን፤ ቤት ያሉት የሰሙት የደረሳውን ሳልና የቬንትሌተሩን ድምፅ ነው። ሸይኻችን አንገትጌ ላይ ትንሽ ማይክ ስንሰካ ይህ ተፈታ። ከዚያ የቤቶቹ ድምፅ ለሸይኹ እንዲደርስ ስፒከሩን አጠገባቸው ብናደርገው ማይኩ መልሶ እየለቀመው መስጂዱ በፉጨት ተናወጠ። አሁን ስፒከሩ ከማይኩ ራቅ ብሎ ፊቱን ወደ ደረሳው አዙሯል።

ያም ሆኖ እህቶቻችን የጻፉት ጥያቄ ደርሱ እስኪያልቅ ሳይታይ ይቀር ነበር። ስለዚህ አንድ ደረሳ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ፣ የመጣውን ጥያቄ በጠያቂዋ ቃል እንዲያነብ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥም እጁን አንሥቶ ሸይኹን እንዲያስቆም አደረግን። ካሜራው ያው የድሮ ስልክ ነው። የቁርኣን ቂርአት እርማት ግን አሁንም ፊት ለፊት ነው፤ ሷድና ሲን በኔትወርክ ሲመጡ ለመለየት ያስቸግራሉና።

ባለፈው ሳምንት ኔትወርኩ እየተቋረጠ ያ ልጅ አንዲትን ዐረፍተ ነገር አራት ጊዜ አስደገማቸው። ሸይኻችን ፈገግ ብለው «ዓሲም ላይ ለመድረስ ገና 10 ይቀረናል» አሉና ደገሙለት።