ኮምፒውተር ለጀማሪዎች፦ አጠቃቀም፣ አገጣጠምና ጥንቃቄ



ሃርጌሳ ላለን ስደተኞች ኮምፒውተር የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ለዩኤንኤችሲአር የምንጽፈው ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙ፦ ዕቃው ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፣ በውስጡ ያለው ፋይል ግን ላይተካ ይችላል። ከታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

1. ውስጡ ምን አለ?

ለጀማሪ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይበቃል። ፕሮሰሰር የሚያሰላው ክፍል ነው። ራም እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ሥራው የሚሠራው እዚያ ላይ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ግን የተጻፈው ሁሉ ይደመሰሳል። ዲስክ ደግሞ እንደ ደብተር ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን ይይዛል። ሴቭ ማድረግ ማለት እንግዲህ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ መገልበጥ ማለት ነው። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ኤስን ተጫኑ፣ በቃ። በየአምስት ደቂቃው ልማድ አድርጉት፤ መብራት ሲሄድ አስጠንቅቆ አይሄድም።

ለፋይሉ ስም ስትሰጡ «ደብዳቤ 1» ብላችሁ አትተዉት። «ማመልከቻ፣ የትምህርት፣ 2025» ዓይነት ስም ከሆነ ከዓመት በኋላም በቀላሉ ይገኛል።

2. አማርኛ መጻፍ

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ፣ ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ የምትጽፉትን በዩኒኮድ ጻፉ። ዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ ስላለው ከቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ መጨመር ትችላላችሁ። ደብዳቤው ለቢሮ የሚላክ ከሆነ በፒዲኤፍ አድርጉት፤ የትም ቢከፈት መልኩ አይለወጥም።

3. ራስ መገጣጠም

አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ለብዙዎቻችን አይሞከርም። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ማደስ ግን ይቻላል። የተሻለ ለውጥ የሚያመጣው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ነው። ሁለተኛው ራም መጨመር ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመሥራት ከመፍቻ ሌላ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም።

ከባዶ ለመገጣጠም የፈለገ ሰው ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከማቀዝቀዣው ጋር፣ ራም፣ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይና መያዣ ሳጥን ያስፈልገዋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

— ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚስማማ ይሁን። ሁሉም ከሁሉም ጋር አይገጥምም።
— ራሙ ዲዲአር 3 ነው ወይስ ዲዲአር 4? አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ ከተገፋ ይሰበራል።
— አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አለው። እዚህ ያለው መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ እያለ ከተሰካ ይቃጠላል።

ሥራውን ስትጀምሩ ገመዱን ንቀሉ፣ ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፣ በየጊዜው የሳጥኑን ብረት ንኩ። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ራምን ሊገድል ይችላል። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ጋር ይግጠም፤ አትጫኑት፣ ራሱ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣው ከመታሰሩ በፊት ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ትንሽ ይደረግ። ማዘርቦርዱን ሳጥኑ ውስጥ እሰሩ፣ ራሙን ቀጭ እስኪል ጫኑ፣ ዲስኩን አያይዙ፣ የመብራት ገመዶቹን ሰክታችሁ አብሩ። የሃርጌሳ አቧራ የማቀዝቀዣውን ፋን ስለሚደፍነው በየጊዜው አጥፍታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ጥሩው አማራጭ ሊኑክስ ሚንት ነው፤ ነፃ ነው፣ 4 ጊጋባይት ራም ካለ በደንብ ይሠራል። ከመንገድ የተገዛ የተሰበረ ዊንዶውስ ግን ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም።

4. ጥንቃቄ

«እኔን ማን ይፈልገኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ሪፖርት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል የስለላ ፕሮግራም እንደተላከባቸው ገልጿል። ፕሮግራሙ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ኩባንያ ሥራ ሲሆን የመጣው «ፍላሽ ፕሌየራችሁን አድሱ» በሚል ሰበብ ነበር። ቪዲዮ ለማየት ብሎ የተጫነ አንድ ነገር ይበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ማደሻ ከኮምፒውተሩ ማስተካከያ ወይም ከዋናው ድረ ገጽ እንጂ በሊንክ አይወሰድም።

እኛን በየቀኑ የሚያገኘን ግን ሌባ ነው። «ካናዳ የምትሄዱበት ፎርም ነው፣ ሙሉና ክፈሉ» የሚል መልእክት ከመጣ ውሸት ነው። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ ነፃ ነው፤ ሪሴትልመንት አይሸጥም። በስልካችሁ የመጣውን ባለ 6 ቁጥር የዋትሳፕ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ የሰጠ ሰው አካውንቱን ሰጠ ማለት ነው። የዛድ የሚስጥር ቁጥርም እንደዚሁ፣ ጓደኛም ቢሆን አይነገረውም።

ኢንተርኔት ካፌ ስትጠቀሙ ፓስዎርድ «ላስታውስልህ?» ሲል አይሆንም በሉ፣ ስትጨርሱ ሎግ አውት አድርጉ፣ ያወረዳችሁትን ፋይል ሰርዙ። ሰነዱን ስካን ያደረገላችሁ ሰው ኮምፒውተር ላይ ኮፒው እንዳይቀር ቆማችሁ አስጠፉት። ፓስዎርድ ደግሞ የልደት ቀን ሳይሆን አራት የማይገናኙ ቃላት ይሁን፤ ረጅም ነው፣ ለማስታወስም ቀላል ነው።

5. ሦስት ኮፒ

አስፈላጊ ሰነድ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በኢሜይል ወይም ሌላ አገር ባለ በምታምኑት ዘመድ ዘንድ። ፍላሽ ስለሚጠፋ በላዩ ያለውን ሰነድ ቆልፉት። ነፃ የሆነው ሊብረኦፊስ ሴቭ ሲያደርግ ፓስዎርድ እንዲጨመርበት ይፈቅዳል። ቁልፉ ከተረሳ ግን ፋይሉ አይከፈትም፣ ይህንንም እወቁ።

ኮምፒውተር የሌላችሁም ከዛሬ መጀመር ትችላላችሁ። የስደተኛ መታወቂያችሁን፣ የልጆቻችሁን የልደት ወረቀትና የትምህርት ማስረጃችሁን በስልክ በጥራት አንሱ፣ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ፣ ከዚያም መድረሱንና መከፈቱን አረጋግጡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀቱ ቤት ውስጥ ቢቃጠል ወይም በዝናብ ቢበላሽ ቢሮ ሄዳችሁ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።