የኮራል ካብ፦ «ሪፍ» ለሚለው ቃል አማርኛ ፍቺ

የኮራል ካብ ማለት ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከኖራ ድንጋይ እየሠሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየደረቡ፣ ሞቃትና ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ባሕር ውስጥ ያቆሙት አለት ነው። «ኮራል» የሚለው ስም ተለምዷልና ይቆይ። «ሪፍ» ግን ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያሳየው ነገር የለም። «ዛጎል» እንዳንል ዛጎል ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡር የሚኖርበት ቅርፊት ነው፤ «መርጃን» የሚለው የዓረብኛ ቃልም ቶሎ የሚያስታውሰው ጌጡን ነው። «ካብ» የአሠራሩን መንገድ ይናገራል። ኮራል አፉ ዙሪያውን በጥቃቅን እጆች የተከበበ ለስላሳ ፍጡር ነው፤ ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የድንጋይ ጽዋ ያበጃል፣ ከፍ ሲል አዲስ ወለል ይሠራል። ሲሞት ድንጋዩ ይቀራል፤ ሌላው በላዩ ይክባል። ድብልብል ቅርጽ ያላቸው ኮራሎች በዓመት የሚያድጉት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገበሬ የካበው ድንጋይ ጎርፍ እንደሚመክት፣ ይህም ካብ ማዕበል ሰብሮ ዳርቻውን ይጠብቃል።

ስያሜው የኮራል ተመራማሪዎችንም ሙያ ይገልጣል፤ ካብ መናዱን የሚያውቅ አስቀድሞ ድንጋዩን የቆጠረ ነውና። ተመራማሪዋ ጠልቃ በባሕሩ ወለል ላይ ሜትር ትዘረጋለች፣ ከሥሩ ያለውን ሕያውና ሙት ኮራል እየለየች ውሃ በማያበላሸው ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች፤ በዓመቱ ተመልሳ እዚያው ትለካለች። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ የሚመግበውን አልጌ አስወጥቶ ይነጣል፣ ይራባል። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. አራተኛው ዓለም አቀፍ ንጣት መድረሱ ይፋ የሆነው በባሕሩ ሙቀት ልኬትና እንዲህ ባለ የባሕር ውስጥ ምልከታ ነው። በሃዋይ ትሠራ የነበረችው ሩት ጌትስ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. እስክታርፍ ድረስ ሙቀት የሚችሉ ኮራሎችን ለማራባት ደክማለች። ቆጠራውም ጥገናውም የአንድ ሙያ ሁለት እጆች ናቸው።

«ካብ የሰው ሥራ ነው፤ እንስሳ ለሠራው ኩይሳ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሆኖም ምስጥ የሚያነሣው ያገኘውን አፈር ነው፣ ኮራል ግን ድንጋዩን ራሱ ያበጀዋል። ሠሪው ማን እንደሆነ «ኮራል» የሚለው ቃል ስለሚነግረን «ካብ» አያሳስትም።

«ባሕር ለሌላት አገር ይህ ቃል ምን ይፈይዳል?» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። መልሱን ደወሌ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ኢትዮጵያን የሚለቀው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወደቡ ማዶ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች በኮራል ካብ ተከበዋል። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያ ባሕር ስለሚያልፍ፣ የባሕሩ ደኅንነት የእኛም ጉዳይ ነው። ደግሞም ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር የዳናክልን ረባዳ አጥለቅልቆት ነበር፤ ያኔ የተካበው ኮራል ዛሬም በአፋር የጨው ሜዳ ዳርቻ ደርቆ ቆሟል። የሥነ ምድር ተማሪ ሳይጠልቅ፣ በእግሩ ሄዶ ንብርብሩን ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት «የኮራል ካብ» ብለው ይጻፉልን፤ ልጆቻችን ይህን ሙያ የሚመኙት መጀመሪያ በሚገባቸው ቃል ሲሰሙት ነው።