እንስሳ የሰውን ቋንቋ ይሰማልን?

በአማርኛችን «ሰማ» የሚለው ቃል ሦስት ትርጕም ይሸከማል። ድምፅ ለጆሮው የደረሰ ሁሉ ሰማ ይባላል፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቋንቋውን ይሰማል ይባላል፤ የታዘዘውን የፈጸመም ቃል ሰማ ይባላል። ስለዚህ፣ ክቡራን አንባቢዎች፣ ገበሬ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠራ ሲያርስ አይታችሁ፣ ወይም ውሻችሁን «ና» ስትሉት ሲመጣ ተመልክታችሁ «ይህ እንስሳ ቋንቋ ይሰማል» ብትሉ፣ ከሦስቱ የትኛውን ማለታችሁ እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ይህን አለመለየት ሊቃውንትን እንኳ እንዴት እንዳሳሳተ በጀርመን አገር የሆነው ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የሚባሉ፣ ከሒሳብ መምህርነት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ በበርሊን ከተማ ይኖሩ ነበር። እኒህ ሰው ሃንስ የተባለውን ፈረሳቸውን እንደ ተማሪ ቈጥረው ለዓመታት በትዕግሥት አስተማሩት። ፈረሱም ሒሳብ ሲጠየቅ መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቈጥር ጀመር። ሦስትና አራት ስንት ነው ቢሉት ሰባት ጊዜ መትቶ ያቆማል፤ ዕለቱን ይናገራል፤ ፊደላቱ በቍጥር በተመለከቱበት ሰሌዳ ቃላት ይጽፋል። ወሬው በአውሮጳ ሁሉ ተሰማ፤ ሕዝቡም ሊያየው ይጐርፍ ነበር። ባለቤቱ ግን ለማሳየት ዋጋ አልጠየቁም፤ ድካማቸው ለገንዘብ ሳይሆን ለእምነታቸው ነበርና።

በመስከረም ወር 1904 ፕሮፌሶር ካርል ሽቱምፍ የነበሩበት ኰሚሲዮን ፈረሱን መረመረ። ከአባላቱ መካከል የእንስሳት ሐኪም፣ የፈረሰኛ ጦር መኰንን፣ የሰርከስ ባለሙያም ነበሩበት። ፈረሱ ባለቤቱ በሌሉበት እንኳ ለሌሎች ሰዎች ትክክለኛ መልስ ስለ ሰጠ፣ ኰሚሲዮኑ ምንም ማታለል አላገኘሁም ሲል ፈርሞ አስታወቀ።

ምስጢሩን የገለጠው የሽቱምፍ ረዳት ኦስካር ፕፉንግስት ነው። ብልኀቱ ቀላል ነበር። አንዳንድ ጊዜ ጠያቂው ራሱ መልሱን እንዳያውቅ አደረገ። በካርድ የተጻፈ ቍጥር ለፈረሱ ሲታይ፣ ጠያቂው ቍጥሩን ያወቀ እንደ ሆነ ፈረሱ ከ100 እጅ 98ቱን በትክክል መለሰ፤ ጠያቂው ያላወቀ እንደ ሆነ ግን ትክክል የሆነው 8 እጅ ብቻ ነበር። ደግሞም እንደ ጋሪ ፈረስ ዓይኑን ከልለው ጠያቂውን እንዳያይ ሲያደርጉት ዕውቀቱ ጠፋ። በአንጻሩ ጥያቄው በአፍ ሳይነገር በልብ ብቻ ቢታሰብ ፈረሱ ይመልስ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ጥያቄውን እንደ ጨረሰ ኮቴውን ለማየት ጥቂት ጐንበስ ይላል፤ ፈረሱም መምታት ይጀምራል። ቍጥሩ ከሚጠበቀው ሲደርስ የጠያቂው ልብ ያርፍና ራሱ በማይታወቅ ልክ ቀና ይላል፤ ፈረሱም ያቆማል። ጠያቂው ይህን ማድረጉን አያውቅም ነበር። ፕፉንግስት እንኳ ምስጢሩን ካወቀ በኋላ ራሱን መግታት አስቸገረው። እንግዲህ ሃንስ ቃሉን አልሰማም፤ ሰውየውን አነበበ እንጂ። ፎን ኦስተን ግን ይህን ሊቀበሉ አልቻሉም፤ እንደ ተቈጡ በ1909 ሞቱ።

ይህ ታሪክ እንስሳ ሁሉ ቃል አይለይም ለማለት ማስረጃ አይሆንም። በ2004 በጀርመን አገር በላይፕሲሽ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሪኮ የተባለውን ውሻ ሲፈትኑ፣ ከሃንስ ታሪክ ተምረው ዕቃዎቹን በሌላ ክፍል አኖሩ፤ ውሻው ሲመርጥ የማንንም ፊት አያይም ነበር። ሪኮ የ200 ያህል ዕቃዎችን ስም የለመደ ሲሆን፣ ከ40 ትእዛዝ 37ቱን በትክክል ፈጸመ። ሰምቶት የማያውቀው ስም ሲጠራለት እንኳ፣ በሚያውቃቸው መካከል የተቀመጠውን አዲስ ዕቃ ከ10 ጊዜ 7ቱን አመጣ። ቼዘር የተባለች የአሜሪካ ውሻ ደግሞ የ1,022 መጫወቻዎችን ስም መለየቷ በ2011 ታትሞ ወጣ። በ2016 በሃንጋሪ የተደረገ የአንጐል ምርመራም ውሻን በእጅጉ የሚያስደስተው የምስጋናው ቃልና የድምፁ ቅላጼ ሲስማሙ መሆኑን አሳየ። ይሁን እንጂ ስም መለየት አንድ ነገር ነው፤ ዐረፍተ ነገር አዋቅሮ መነጋገር ሌላ ነው።

ለቢሮ ሠራተኛም ከዚህ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ኰሚሲዮኑ የመረመረው ፈረሱን ብቻ ነበር፤ ፕፉንግስት ግን ጠያቂውንም መረመረ። አለቃ የሚፈልገውን መልስ በፊቱ ጽፎ የበታቹን «ሥራው እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ኮቴው በሚፈለገው ቍጥር ላይ ይቆማል፤ መዝገቡም ያምራል፤ እውነቱ ግን አልተጠየቀም። ስለዚህ መልስ ሲያስደስተን፣ ክቡራን አንባቢዎች፣ መላሹን ከማድነቃችን በፊት ጥያቄውን እንዴት እንዳቀረብን እንመርምር።