ከአክሱም እስከ ካዛንቺስ፤ በጉዞዬ ያየኋቸው ታላላቅ ቦታዎች



የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ «በሥራ ዘመንህ ብዙ አገር ዞረሃል፤ የደነቀህን ጻፍልን» ብሎ ስላዘዘኝ ይህችን አጭር ጽሑፍ አቀርባለሁ። እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን በየጠቅላይ ግዛቱና በየክፍለ ሀገሩ የንብረት ቆጠራ ሲኖር መሥሪያ ቤቴ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር መዝገብ ያዥ አድርጎ ይልከኝ ስለነበር፣ በመንግሥት አበል አገሬን ለማየት በቅቻለሁ። ያየሁትንና ኋላም ከመጻሕፍት ያገናዘብኩትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አክሱም የገባሁት በ1985 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱን በብር ኖት ላይና በፖስታ ቴምብር ላይ ያየ ሰው አየሁ አይበል። ከሥሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ አንገት ይታመማል። ቁመቱ ከ20 ሜትር የሚበልጥ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ጠራቢዎቹ እንደ ፎቅ ቤት አድርገው ሠርተውታል። ከታች በር አለው፤ ከላይ እስከ ጫፉ ድረስ መስኮት በመስኮት ነው። በሩ ግን አይከፈትም፤ መስኮቱም ብርሃን አያስገባም። ከጎኑ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ባለ 13 ፎቁ ሐውልት ወድቆ ተሰባብሮ ተጋድሟል። ይኸኛው ቆሞ ቢሆን ኖሮ 33 ሜትር ይሆን ነበር፤ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ ነው ይባላል።

«ሦስተኛውስ የታለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አብሮን የነበረ የአገሩ ሽማግሌ ባዶውን መሬት በዘንጉ እያመለከተ «እሱማ ሮም ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ለመሆኑ ይኼ ምን ይመስልሃል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «የድል ሐውልት ነዋ» አልኩ። ሽማግሌው ሳቀና «ልጄ፣ የመቃብር ድንጋይ ነው። ከሥሩ የነገሥታት መቃብር አለ» አለኝ።

ይህን ስሰማ፣ አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እድራችን ነው። ከ1,600 ዓመት በፊት የነበረ ንጉሥ እንኳ ለቀብሩ ሲያስብ ኖሯል። እኛ ድንኳንና ብረት ድስት ገዝተን በየወሩ እንደምናዋጣው፣ እሱም ድንጋይ አስጠርቦ ነበር። ልዩነቱ የአቅም ነው። እንደ እኛው ደግሞ ብቻውን አልቻለም። ድንጋዩ የተፈለጠው ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቅ ተራራ ላይ ነው። ያኔ መኪና የለ፣ ክሬን የለ። ሊቃውንቱ በግንድ እያንከባለሉ በገመድ ጎትተው አመጡት ይላሉ። ታዲያ የንጉሡ ስም ሲጠራ የጎታቾቹ ስም አይጠራም።

ወደ ሮም ስለ ሄደው ልመለስ። ይህ ሐውልት 24 ሜትር ርዝመትና 150 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ ወድቆ ተሰባብሮ ይኖር ነበር። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. ስብርባሪውን በምጽዋ ወደብ በኩል በመርከብ ወሰደው። ሮም ላይ ተገጣጥሞ በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ፋሽስቶች ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት በዓል ሲከበር ተመረቀ። የቆመውም በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሆነው ሕንጻ ፊት ለፊት ነው። የእህቴ ልጅ ለሥራ ጣልያን አገር ሄዳ ሳለች ከሥሩ ቆማ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ልካልን ነበር። እናቷ ፎቶውን አይታ «ምነው ልጄ፣ የአገርሽን መቃብር ሰው አገር ሄደሽ ታያለሽ?» ብላ ማልቀሷን አልረሳውም።

ጣልያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል የዘረፈውን ለመመለስ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉ የተፈጸመው ግን ከ58 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መትቶት ጫፉ ተጎዳ። በመጨረሻም ለሦስት ተከፍሎ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አንቶኖቭ በሚባለው ግዙፍ አውሮፕላን በሦስት በረራ አክሱም ገባ። ተገጣጥሞ ቆሞ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው።

እኔም በ2002 ዓ.ም. ለኅዳር ጽዮን ሄጄ አየሁት። በ1985 ሽማግሌው በዘንጉ ባመለከተኝ ባዶ ቦታ ላይ ቆሟል። የሚገርመው ሌላው ነው። ከሮም የመጣው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አገሩን ለቆ የማያውቀው ጎረቤቱ ግን ዘንበል በማለቱ በብረት ገመድ ተደግፎ ነበር። ሽማግሌውን ብፈልጋቸው አርፈዋል አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ሳያዩት ይሁን አይተውት አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ።

ላሊበላ የሄድኩት በ1990 ዓ.ም. ለገና ነው። እንደሚታወቀው 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተገነቡ ሳይሆኑ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያስቀምጣል። ከላይ ወደ ታች የሚፈለፍል ሰው ግን አንዴ ከተሳሳተ የቆረጠውን መመለስ አይችልም። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ጣሪያው በመስቀል ቅርጽ ተጠርቦ ከእግራችሁ ሥር ነው። ወደ ታች ወርዳችሁ ግቢው ስትደርሱ ደግሞ በአለቱ ግድግዳ ውስጥ በተፈለፈለ ጎድጓዳ ስፍራ የደረቀ የሰው አስከሬን ታያላችሁ። እዚያ ማረፍ የፈለጉ ተሳላሚዎች ናቸው ተብሎ ይነገራል። እግራቸው ወጥቶ ይታያል። አብረውኝ የነበሩ ወጣቶች ሲፈሩ እኔ ግን «እነዚህን ማን ቀበራቸው? ዘመድ ከሌለበት አገር ማን አለቀሰላቸው?» እያልኩ አሰብኩ። የእድር ሰው አስተሳሰብ ከዚህ አይርቅም።

ጎንደርን ባጭሩ ልለፈው። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ግንባቸው እስከ ዛሬ አለ። በዚያው ግቢ ውስጥ የኢያሱም፣ የዳዊትም፣ የበካፋም፣ የእቴጌ ምንትዋብም ግንብ ለየብቻው ቆሟል። ቀጣዩ ንጉሥ ቀድሞ በተሠራው መኖር አልበቃውም፤ የራሱን ያክልበታል። ያማረ ነው፤ ግን ሁሉም በየራሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ይህን ሁሉ አገር ዞሬ፣ የዓለም ሰው በአውሮፕላን መጥቶ የሚያየውን የሰፈሬን ቅርስ ግን በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬ ምንነቱን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አፍሪካ አዳራሽን ማለቴ ነው። ንድፉን ያወጣው አርቱሮ መዜዲሚ የሚባል ጣልያናዊ ነው። ተመርቆ የተከፈተው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ውስጥ ነው። የሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕልም 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። የአፍሪካን ያለፈ፣ የያኔና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳም እንዲሁ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የቆመ፣ ጣልያን ሮም ወስዶት የተመለሰ ነው። ከአክሱም ሐውልት ጋር አንድ ዕጣ የደረሰው ጎረቤታችን ነበር ማለት ነው።

የሰፈራችን ስምም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ ኢንቺስ የተባለ ተቋም ነበረው። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ስለነበር፣ ያገራችን ሰው ካዛንቺስ አለው። ስለዚህ ካዛንቺስ ማለት የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ማለት ነው! እኔም ሳላውቀው በስሜ ሰፈር ኖሬአለሁ። ወራሪው ሐውልታችንን ወስዶ ስም ተወልን፤ ሐውልቱም ተመለሰ፣ ስሙም የኛ ሆነ።

ይሁን እንጂ እንደምታውቁት በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈርሷል። ከአባሎቻችን ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ ወደየሌላው አቅጣጫ ተዛውሯል። አዲስ ቤት ያገኘ አለ፤ የለመደው ጎረቤት የራቀበትም አለ። ድንኳናችንን የምንተክልበት ቦታ የለም። ጡሩምባ ነፊያችን ቢነፋ የሚሰማው ሰው የለም። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤም «ሰፈሩ ከሌለ እድሩ ምን ያደርጋል? ገንዘቡን እንካፈልና እንለያይ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ በይደር መቆየቱ ይታወሳል።

በበኩሌ ይህን ሐሳብ አልደግፍም። ምክንያቴንም ከላይ ጽፌዋለሁ። 150 ቶን ድንጋይ ለሦስት ተከፍሎ ከሮም መጥቶ ከተገጠመ፣ ሦስት ቦታ የተበተነ እድር የማይገጠምበት ምክንያት የለም። ጎንደር ላይ እንዳየሁት በየራሳችን አዲስ እድር እንግባ ብንል ደግሞ እኛ ሽማግሎቹ መግቢያውን ከፍለን፣ ዕድሜያችን ሳይፈቅድ ለአዲስ ጎረቤት እንግዳ ሆነን እንቀራለን። አርባ ዓመት አብሮን የቆየውን ሰው ማን ያልቅስለት?

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጡሩምባው በስልክ ይተካ፤ በየአዲሱ ሰፈር አንድ አንድ ተጠሪ ይመረጥና መርዶና ቀብር እሱ ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ ድንኳኑና ዕቃው በየቦታው ይደልደል እንጂ አይሸጥ። ሦስተኛ፣ አሮጌው የአባላት መዝገብ እንዳይጠፋ እኔው በነጻ በአዲስ ደብተር ልገልብጠው። ከመጀመሪያው አባል ጀምሮ የሞቱትንም የተዛወሩትንም አንድ በአንድ ልጻፍ። በመዝገብ ቤት የኖርኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የአክሱም ጎታቾች ስማቸውን የሚጽፍላቸው ሰው አላገኙም። የኛን ግን መጻፍ እንችላለን።

በሞት ለተለዩን አባሎቻችን ነፍስ ይማር። ለቀራችሁት ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ለቀጣዩ ጉባኤ በሰዓቱ እንገናኝ።