ያልታመነው ሕመም፦ የባሕር ማጥወልወልና መፍትሔው በዘመናት ሲቃኝ

ባሕር ያልለመደ ሰው መርከብ ላይ ሲወጣ ሕመሙ ከሆዱ አይጀምርም። መጀመሪያ ያዛጋል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቀጥሎ ፊቱ ይገረጣል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል። ማቅለሽለሹና ማስመለሱ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ጀግናም ሆነ ፈሪ፣ ምሁርም ሆነ ያልተማረ፣ ሕመሙ የያዘው ሁሉ በአብዛኛው በዚሁ ቅደም ተከተል ይወድቃል።

ይህ ሕመም ሰው በባሕር መጓዝ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አብሮት የኖረ ነው። መፍትሔው ግን በጣም ዘገየ። የዘገየበትም ዋና ምክንያት ለረጅም ዘመን እንደ ሕመም ሳይሆን እንደ ልብ ማነስ መታየቱ ነው። ታሪኩን ስንቃኝ ደጋግመን የምናገኘው እውነት አንድ ነው፤ ሕክምናው አንድ እርምጃ የተራመደው አንድ ሰው የታማሚውን ቃል አምኖ በጥሞና ባዳመጠ ቁጥር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሮም እስከ ትራፋልጋር

የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ እንቅስቃሴ ሰውነትን እንደሚያውክ የባሕር ጉዞን ምስክር አድርጎ አስተምሯል። መንሥኤውን በትክክል ጠቁሟል፤ ከዚያ አልፎ የሄደ ግን ለዘመናት አልተገኘም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ሮማዊው ተናጋሪ ሲሴሮ የሞት ፍርድ ሲታወጅበት በመርከብ ሊያመልጥ ሞከረ። የታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደዘገበው አንዴ ነፋሱ መለሰው፤ አንዴ ደግሞ የመርከቡን መናወጥ ራሱ መቋቋም አቃተው። በመጨረሻ መሸሹም መኖሩም ሰልችቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አሳዳጆቹም ደርሰው ገደሉት።

አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ፈላስፋው ሴኔካ ከኔፕልስ ወደ ፑቴዮሊ አጭር የባሕር መንገድ ጀመረ። ሲነሣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ መንገድ ሲጋመስ ግን ሞገዱ ተነሣ። ሴኔካን ያሠቃየው ሳያስመልሰው የሚያጥወለውለው፣ ፋታ የማይሰጠው ዓይነት ሕመም ነበር። የመርከቡን መሪ የብስ አውርደኝ ብሎ ለመነው። መሪው ዳርቻው ድንጋያማ ነው፣ ወደብ የለውም ቢለው አልሰማም፤ መርከቡ ጥቂት ጠጋ እንዳለ ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ዘለለ። ስለ ትዕግሥት ያን ያህል የጻፈ ሰው ይህን ሳያፍር በደብዳቤው ማስፈሩ ትልቅ ነገር ነው። ማዕበሉን ሳይሆን ማጥወልወሉን መቋቋም እንዳልቻለ በግልጽ ተናግሯል።

በ1588 የስፔንን ታላቅ የጦር መርከቦች ቡድን እንዲመራ የተሾመው የሜዲና ሲዶኒያ መስፍን ሹመቱን እንዲነሡለት ሲለምን ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ባሕር ሁልጊዜ እንደሚያመው ነበር። ልመናው ተቀባይነት አላገኘም። እንግሊዛዊው አድሚራል ሆራሺዮ ኔልሰን ደግሞ በ1771 በ12 ዓመቱ ባሕር ኃይል ገብቶ፣ በ1804 ማለትም ከ30 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ፣ ነፋስ በበረታ ቁጥር እንደሚታመም ይጽፍ ነበር። በዓመቱ በትራፋልጋር ድል አድርጎ ወደቀ። ሕመሙ የድፍረት ማነስ ቢሆን ኖሮ ኔልሰንን ባልነካው ነበር።

ቻርልስ ዳርዊን በዲሴምበር 1831 ቢግል በተባለችው መርከብ ሲሳፈር አባቱ ዘቢብ እንዲበላ መክረውት ነበር። ሆዱ ሌላ ምግብ አልቀበል ሲል ዘቢብ እየቀመሰ ተንጠልጣይ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይውል ነበር። ጉዞው አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተፈጸመ፤ ሕመሙ ግን እስከ መጨረሻው አልተወውም። ከዚያ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ የሆነውን ያሳለፈው በየብስ ላይ ነው። በእግሩና በፈረስ እየተዘዋወረ የሰበሰበው ማስረጃ በኋላ የዝግመተ ለውጥ ሐሳቡ መሠረት ሆነ።

የሚወዛወዘው ሳሎን

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንፋሎት መርከብ ብዙ መንገደኛ ማጓጓዝ ሲጀምር ሕመሙ የመርከበኞች ብቻ መሆኑ ቀረ። አዲስ የብረት አሠራር ዘዴ በመፍጠር ስሙ የገነነው ሄንሪ ቤሰመር በ1868 ከካሌ ወደ ዶቨር ሲሻገር ክፉኛ ታመመ። እሱ ግን አሳፋሪ ነገር ደረሰብኝ ብሎ ዝም አላለም፤ የምሕንድስና ጥያቄ አደረገው። መርከቡ ሲወዛወዝ ተሳፋሪው የተቀመጠበት ክፍል ቀጥ ብሎ ቢቆምስ?

ቤሰመር በግቢው ውስጥ ሞዴል ሠርቶ ሞከረ። በ1874 በእርሱ ስም የተጠራች መርከብ በሃል ወደብ ወደ ውሃ ወረደች። በመርከቧ መካከል ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሜትር ያህል የሆነ ያማረ ሳሎን ነበር። ሳሎኑ በራሱ መሽከርከሪያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ሠራተኛ የሚዛን መለኪያውን እያየ፣ በውሃ ግፊት በሚሠራ መሣሪያ ወለሉን እንዲያስተካክል ታስቦ ነበር። በሜይ 1875 መርከቧ በሕዝብ ፊት ጉዞ ስታደርግ ግን ሳሎኑ እንዳይንቀሳቀስ ታስሮ ነበር፤ መርከቧም ለመሪዋ አልታዘዝ ብላ የካሌን የወደብ ድልድይ መታች። ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

ውድቀቱ አስተማሪ ነው። የሰው እጅ ከሞገድ ፍጥነት ጋር እኩል መሄድ አይችልም። ከዚያም በላይ፣ ሳሎኑ ሊያቆም የታሰበው ወደ ጎን መወዛወዝን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በላቦራቶሪ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ግን ሰውን ከሁሉ የሚያሳምመው በዝግታ ወደ ላይና ወደ ታች መነሣትና መውደቅ ነው፤ በተለይም አንዱ ዙር አምስት ሰኮንድ ያህል ሲፈጅ። ቤሰመር ሕመሙን አምኖ ተቀብሎ ነበር፤ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ ግን አልተጠናም ነበር።

መስማት የተሳናቸው ያስተማሩት

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ሰው ነው። በ1882 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊልያም ጄምስ መስማትና መናገር የተሳናቸው 519 ሰዎችን ሰውነታቸው ሲሽከረከር ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀ። 186ቱ ምንም አላዞረንም አሉ። 200 ያህል የሃርቫርድ ተማሪዎችን በተመሳሳይ መንገድ ሲጠይቅ ግን ሳይዞረው የቀረ አንድ ብቻ ተገኘ። በዚያው ጊዜ የባሕር ሕመምም ከውስጥ ጆሮ ጋር መያያዙን ሐኪሞች ይጽፉ ጀመር።

ውስጥ ጆሮ ከመስማት ሌላ የሰውነትን ሚዛን የመጠበቅ ሥራ አለበት። ሦስት ቀለበታማ ቱቦዎቹ ፈሳሽ ይይዛሉ። ብርጭቆ ስናዞር ውሃው ዘግይቶ እንደሚከተል ሁሉ፣ ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና እንቅስቃሴውን ለአንጎል ያስታውቃል። ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች ደግሞ መውጣትና መውረዱን ይመዝናሉ። ሮበርት ባራኒ በዚህ ክፍል ላይ ባደረገው ምርምር የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው ማስረጃ የተገኘው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ናሳ የሰው ልጅ በጠፈር እንዴት እንደሚሆን ለማጥናት ከጋላዴት ኮሌጅ 11 መስማት የተሳናቸው ወንዶችን መለመሉ። ከአንዱ በቀር ሁሉም የመስማት ችሎታቸውን ያጡት በልጅነታቸው በማጅራት ገትር ነው፤ በሽታው የሚዛን አካላቸውንም ጎድቶት ነበር። በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ አቅራቢያ በተናወጠ ባሕር ላይ ሲወሰዱ እነርሱ ተረጋግተው ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ግን ክፉኛ ስለታመሙ ሙከራው ተቋረጠ።

እነዚህ ሰዎች በጀግንነት አልቻሉትም፤ የተለየ አንጀትም አልነበራቸውም። የሚዛን አካላቸው መልእክት አልላከም፣ በቃ። ነገሩን ገልብጠን ስናየው፣ በመርከብ ላይ የሚያጥወለውለው ሰው ጆሮው በደንብ የሚሠራ ሰው ነው። ካቢን ውስጥ ሲቀመጥ ዓይኑ ግድግዳው ቆሟል ይለዋል፤ ጆሮው ደግሞ እየተንቀሳቀስክ ነው ይለዋል። አንጎል በሁለቱ ምስክሮች መካከል ግራ ይጋባል። ሪዝንና ብራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሐሳብ አደራጅተው አቀረቡት፤ እስከ ዛሬም ይበልጥ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እሱ ነው።

ከሽፍታ ክኒን እስከ ጆሮ ጀርባ ፕላስተር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጉዳዩ የጦር ሜዳ ጉዳይ ሆነ። በጁን 1944 ወደ ፈረንሳይ ኖርማንዲ የተሻገሩት የተባበሩት ኃይሎች ወታደሮች የማስመለሻ ከረጢትና ክኒን ታድሏቸው ነበር፤ ሆኖም ብዙዎቹ ከባሕሩ ዳርቻ የደረሱት ዝለው ነው።

ትልቁ ግኝት የመጣው ከአንዲት ታማሚ አፍ ነው። በ1947 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አንዲት ሴት ለቆዳ ሽፍታ አዲስ የአለርጂ መድኃኒት ትወስድ ነበር። የከተማ ባቡር ስትሳፈር ሁልጊዜ ያጥወለውላት የነበረው ነገር መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ እንደተዋት ለሐኪሞቿ ነገረቻቸው። ሐኪሞቹ ጌይና ካርላይነር ቃሏን ችላ አላሉም፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጥተው ሲሞክሩ ማጥወልወሉ ተመለሰ። በኖቬምበር 1948 ጄኔራል ባሉ በተባለች መርከብ ከኒውዮርክ ወደ ጀርመን በሚጓዙ ከ1,300 በላይ ወታደሮች መካከል ሰፊ ሙከራ ተደረገ፤ ውጤቱም አመርቂ ሆነ። መድኃኒቱ ድራማሚን በሚል ስም በዓለም ተሰራጨ።

ሌላው ጠንካራ መድኃኒት ስኮፖላሚን ነው። በእኛ አገር አስተናግር የምንለው ተክል ውስጥም ይገኛል። አስተናግርን የሚያውቅ ሰው ሰውን እንደሚያስቀባጥርና እንደሚገድልም ያውቃል፤ ስለዚህ በቤት የሚቀመም ነገር አይደለም። ሳይንስ ያደረገው መጠኑን መግራት ነው። በ1979 በአሜሪካ የተፈቀደው ትንሽ ፕላስተር ከጆሮ ጀርባ ተለጥፎ ለሦስት ቀን አንድ ሚሊግራም ያህል ብቻ ቀስ በቀስ በቆዳ ያሳልፋል።

ዝንጅብልም በጥናት ታይቷል። በ1988 በታተመ ጥናት 80 የዴንማርክ ባሕር ኃይል ተማሪዎች ተካፍለው ነበር፤ አንድ ግራም ዝንጅብል የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ያስመለሱት ጥቂት ጊዜ ነው። ለቀላል ሕመም ይረዳል፤ ለከባድ ማዕበል ግን መድኃኒትን አይተካም።

መርከቡም ተሻሻለ

በ1891 የጀርመን የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው አልበርት ባሊን ኦጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ ለሽርሽር ብቻ ወደ ሜዲትራንያን ላከ። ተሳፋሪ ለመዝናናት ብሎ ሲከፍል ደግሞ የመርከብ ሠሪው ኃላፊነት ይጨምራል። በ1932 የጣሊያኗ መርከብ ኮንቴ ዲ ሳቮያ በፍጥነት እየተሽከረከሩ መወዛወዝን የሚቋቋሙ ሦስት ግዙፍ ጋይሮስኮፖች ተገጠሙላት። ዘላቂ መፍትሔ ሆኖ የቀረው ግን ከውሃ በታች ከመርከቡ ጎን እንደ ክንፍ የሚወጣው ማረጋጊያ ነው፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ እየተሻሻለ መጥቶ ዛሬ በትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ሁሉ የተለመደ ሆኗል። ይህ ክንፍ የጎን መወዛወዝን በእጅጉ ይቀንሳል፤ መነሣትና መውደቁን ግን አያስቀርም። በ1980ዎቹ ሁለት የሳውዝሃምፕተን ተመራማሪዎች ከ20 ሺህ በላይ የጀልባና የመርከብ ተሳፋሪዎችን ሲጠይቁ 7 በመቶ ያህሉ አስመልሶናል ማለታቸው ሕመሙ እንዳልጠፋ ያሳያል።

ዛሬ ለሚሳፈር

የዘመናቱ ትምህርት ለዛሬ ተጓዥ እንዲህ ይጠቃለላል። ካቢን ሲያዝ ከመርከቡ መካከል፣ ከታችኛው ፎቅ ይመረጥ፤ መነሣትና መውደቁ ከሁሉ የሚያንሰው እዚያ ነው። ማዛጋቱና ላቡ ሲጀምር ከካቢን ወጥቶ፣ ንጹሕ አየር እየሳቡ አድማሱን ማየት ይጠቅማል፤ ያኔ ዓይንና ጆሮ ይስማማሉ። ስልክና መጽሐፍ ይቀመጡ። መውጣት ካልተቻለ በጀርባ ተጋድሞ ዓይን መጨፈን ይረዳል። ሆድን ባዶ ማድረግም፣ በቅባት ምግብ መሙላትም አይበጅም፤ አልኮል ደግሞ ሕመሙን ያባብሳል።

መድኃኒት ከጉዞው በፊት ነው የሚወሰደው። ማቅለሽለሽ ከጀመረ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ የተዋጠው ክኒን በጊዜ ወደ ደም አይገባም። ክኒኑ ከመነሣት አንድ ሰዓት ያህል፣ ፕላስተሩ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ይሁን። እንቅልፍ የማያስይዙት አዳዲስ የአለርጂ ክኒኖች ለዚህ ሕመም አይሠሩም፤ የቆዩት እንቅልፍ ያስይዛሉና የወሰደ ሰው አይንዳ። ፕላስተሩን የነካ እጅ መታጠብ አለበት፤ ዓይን ከነካ እይታን ያደበዝዛል። አንዳንድ የግላኮማና የፕሮስቴት ሕመም ያለባቸው፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ለሕፃናት ፕላስተሩ አይሰጥም። ደጋግሞ ያስመለሰ ሰው ውሃና ጨው እያጣ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እየተጎነጨ ይተካ፤ ምንም ካልቆመለት ወደ መርከቡ ሐኪም ይወሰድ፤ እዚያ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ለብዙ ሰው ግን ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ አንጎል ራሱ ይለምደዋል።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የመርከብ ደኅንነት ደንብ በእያንዳንዱ የነፍስ አድን ጀልባ ውስጥ ቢያንስ ለ48 ሰዓት የሚበቃ የባሕር ሕመም መድኃኒትና ለእያንዳንዱ ሰው ከረጢት እንዲኖር ያዝዛል። በአደጋ ጊዜ የሚያስመልስ ሰው ፈሳሹንም ተስፋውንም ያጣልና። ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ በባቦጋያ በሚገኘው ተቋም የሠለጠኑ ወጣት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በዓለም መርከቦች የሞተር ክፍል ይሠራሉ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ነዳጅ ይሸታል፣ አድማስ አይታይበትም። ከደጋ ወጥቶ እዚያ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያስመልስ የሥራ ባልደረቦቹ ሰነፍ ሊሉት አይገባም። ኔልሰንም ይታመም ነበር።

ስለዚህ አብሯችሁ የተሳፈረ ሰው «አልተመቸኝም» ሲላችሁ «ጠንከር በል» አትበሉት። እመኑት፤ ወደ አየር አውጡት፤ ክኒኑን ቀድሞ እንዲወስድ አሳስቡት። የሚያጥወለውላችሁም እናንተ ከሆናችሁ በማዛጋታችሁ ጊዜ ተናገሩ እንጂ እስክትወድቁ አትጠብቁ። የአለርጂ ክኒኑ የባሕር መድኃኒት ሊሆን የቻለው አንዲት ሴት ስለተናገረች፣ ሐኪሞቿም ስላመኗት ነው።